ለድምፄ ብዬ ዝም ያልኩ ሰሞን

ዝም ማለቴን ቤታችን ውስጥ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

ይህን ብናገር የሚያምነኝ የለም። ቤታችን ባዶ ቤት አይደለም። ከሱብሒ ጀምሮ የአባቴ ደረሶች በረንዳው ላይ ተደርድረው ቁርአን ይቀራሉ። አክስቴ ሀጀራ ደግሞ ጓዳ ሆና ለሦስት ሰው የሚበቃ ወሬ ብቻዋን ታወራለች፤ ራሷ ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች። «ሰብሪያ፣ ውሃ መጣ እንዴ? አይ፣ ዛሬም የሚመጣ አይመስለኝ።» እንዲህ ባለ ቤት አንዲት ሴት ልጅ አፏን ብትዘጋ ምን ይጎድላል? ምንም አልጎደለም። እኔ ግን ዝም ማለት በጀመርኩ በማግስቱ፣ እራት በልተን ስንነሳ፣ ቀኑን ሙሉ መልስ የሚፈልግ ነገር የጠየቀኝ ሰው እንዳልነበረ ገባኝ።

ዝምታውን ያዘዘልኝ ደሴ ያለ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። ጉሮሮዬን በመብራት አይቶ፣ የድምፅ አውታሮቼ አብጠዋል አለኝ። «አንድ ሳምንት ቃል እንዳይወጣሽ። ሹክሹክታም ቢሆን፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል። ከዚያ በፊት ከተናገርሽ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፣ ዘፈኑንም እርሺው።» አብራኝ የነበረችው የኔአለም ናት። እዚሁ ከተማችን መካነ ሰላም ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አላት፣ እኔ ተቀጥሬ እጽፍላታለሁ። ለቤት ሰው የማተሚያ ቀለም ልንገዛ ነው ብለን ነበር የሄድነው።

አባቴ ሼህ አሕመድኑር ሴት ልጃቸው ዘፈን እንደምትማር አያውቁም፤ ከሥራ በኋላ የማመሸው ለኮምፒውተር ሥልጠና ይመስላቸዋል። እሳቸውን መዋሸት ከባድ አይደለም፣ ያሳፍራል እንጂ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ደሴ ሄደው ይታከሙ ቢባሉም እሺ አላሉም። ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። አንድ ሰው ከበር ሆኖ «አሰላሙ አለይኩም» ካላቸው የማን ልጅ እንደሆነ ከነመንደሩ ይነግሩታል። በዚህም ትንሽ ይኮራሉ።

ሳዲቅን ያገኘሁት ሰርግ ላይ ነው። አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድምፅ አጥንቶ፣ የባህል ቢሮው የሙዚቃ ባለሙያ ሆኖ የመጣ ሰሞን ነበር። እኛ ሴቶቹ ዳስ ውስጥ ነን። ማይክ የለም፣ ድቤው ይደለቃል፣ እኔ ከድቤው በላይ ለመሰማት የሰሞኑን ዘፈን እጮኸዋለሁ። ስወጣ ከዳሱ ጥግ ቆሞ አገኘሁት።

«አንቺ ነሽ ስትዘፍኚ የነበርሽው?»

«እኔ ነኝ፣ ምነው?»

«ድምፅሽ ልብ ይነካል። በጉሮሮሽ ባትዘፍኚ ደግሞ ብዙ ይቆይልሽ ነበር።»

«በምኔ ልዝፈን ታዲያ? በጉልበቴ?»

«በወገብሽ» አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባው መሰለኝ አንገቱን ደፋ። «ማለቴ፣ በትንፋሽሽ።»

ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። በሳምንቱ ግን አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ።

የምንለማመደው በባህል አዳራሹ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የኪነት ቡድኑ ልጆች ባሉበት ነው። የሚያሠራን ነገር መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከንፈራችንን ገጥመን እንደ ፈረስ እናርገበግባለን። በስትሮ ውሃ ውስጥ እያዜምን እናንቦጫቡቃለን። «ኡ» እያልን ከታች ወደ ላይ ወጥተን ሳናቋርጥ እንወርዳለን። «ማ፣ ሜ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሙ» እያልን ደረጃ በደረጃ ከፍ እንላለን። ትላልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ ማይክ የሚዘፍኑ የፈረንጅ አገር ዘፋኞች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩት ልምምድ ነው አለን።

«እኔ የምዘፍነው የሰርግ ጭፈራ ነው» አልኩት አንድ ቀን። «ይኼ ለምኔ ነው?»

«ዘፈንሽን ማን ቀይሪ አለሽ? የፈለግሽውን ዝፈኚ። ጉሮሮሽ ግን የምትዘፍኚው ጭፈራ ይሁን ሌላ አያውቅም። ብትንከባከቢው ይኖራል፣ ካልተንከባከብሽው ይሄዳል።»

ሌላውን አሠልጣኝ አላውቅም፤ እሱ ግን አንድም ቀን ነክቶኝ አያውቅም። የራሱን ጎን በሁለት እጁ ይዞ «እዚህ ጋ ይስፋ» ይለኛል። እኔ መቀነቴን ከጎድኔ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስራለሁ፤ አየር ሳስገባ መቀነቱ ሲወጥረኝ ልክ ነኝ ማለት ነው። እሱ በአዳራሹ አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ቆመን እኩል እንስባለን፣ እኩል «ስስስ» እያልን እንለቃለን። ዓይኑን ከዓይኔ አያነሳም፣ ትንፋሼን ለማየት ነው ይላል። ለሰው ብናገረው ታዲያ ምን ተደረገ ይለኛል። ምንም አልተደረገም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስተነፍስ ያጥረኝ ጀመር።

ያቃተኝ ልምምድ አንድ ነው። ድምፅን እንደ ክር አቅጥኖ መጀመር፣ ቀስ እያሉ ማወፈር፣ ከዚያ ሳይሰበር መልሶ ማቅጠን። ሁልጊዜ መሀል ላይ ይሰበርብኛል። «አትግፊው» ይለኛል ሳዲቅ። «ይመጣል። አንቺ መንገዱን ብቻ ክፈቺለት።»

አንድ ቀን ልምምድ ስንጨርስ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «አባቴ ፋቂ ነው» አለኝ። «ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው። አቀስታ ነው ያለው፣ ድቤ ይወጥራል። አባትሽ ሐድራ ላይ፣ ለመንዙማ የሚመታው ትልቁ ድቤ የሱ እጅ ሥራ ነው።»

ድቤውን አውቀዋለሁ። ሳሎናችን ውስጥ፣ ከኪታቦቹ አጠገብ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። አባቴ መንዙማው ከመጀመሩ በፊት በእጃቸው ዳበስ አድርገው «የሠራው እጁ አይንቀጥቀጥ» ይላሉ። ድቤውን ያመጣውን ሰውዬም አስታውሳለሁ። ዋጋውን ተቀብሎ ከደጅ ነው የተመለሰው፤ ፋቂ ነውና ግባ ያለው አልነበረም። ይህን ለሳዲቅ አልነገርኩትም፣ እሱም የሚያውቀው ይመስለኛል። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስገባ ሳሎኑን ዞር ብዬ ማየት ከበደኝ።

ከዚያ ሳዲቅ ወደ አቀስታ ተዛወረ። ማታ ማታ በስልክ ልምምድ ይልክልኛል፤ እሱ ያዜማል፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ተቀብዬ እልክለታለሁ። ትምህርቱ ገና አልዘለቀኝም ነበርና አንድ ሰርግ ላይ እንደ ድሮዬ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ደሴ ሂጂ ብሎ የወተወተኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ያለውን ስጽፍለት እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ዝም በይ። አደራሽን ለእኔ ብለሽ ዝም በይ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሽማግሌ እልካለሁ። ከአፍሽ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል መልስሽ ይሁን።»

እንግዲህ ያን ሰሞን በአፌ ይዤ የምዞረው ያን አንድ ቃል ነበር። ለጥያቄ ሁሉ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ላይ ታች አዎ፣ ግራ ቀኝ አይደለም። ቶሎ ይለመዳል።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሳሎናችን በእንግዳ ተሞላ። ጓዳ ሆኜ ብርጭቆ ሳጥብ አባቴ ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን ገቡ።

«ሰብሪያ፣ አለሽ? አለሽ፣ ልብስሽ ተሰማኝ። እዚህ ማሻ ከተማ ያለው ጨርቅ ነጋዴው ጠልሐ ለትዳር ጠይቆሻል። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ናቸው። እኔ ወድጄዋለሁ፤ አንቺን ሳልጠይቅ ግን ቃል አልሰጥም። ትፈቅጃለሽ?»

ጠልሐን አውቀዋለሁ። ክፉ ስሙ ተነስቶ አያውቅም። ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅኩ።

«ካልፈለግሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ፈልገሽ ካፈርሽ ደግሞ ዝም በይ፣ ለእኔ ይበቃኛል።»

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ልጃገረድ ስትጠየቅ አፍራ ዝም ካለች እንደፈቀደች ይቆጠራል። አባቴ ይህን ለደረሶቻቸው ሲያስተምሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ደጋግሜ፣ ሻሼ እስኪወልቅ ነቀነቅኩ፤ እምቢ እያልኩ ነበር። አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። የሚያነጋግሩኝ ሰው ዓይን እንደማያይ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

አፌን ከፈትኩ። ሐኪሙ ትዝ አለኝ፣ ሳዲቅ ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ ቀን ያስቀመጥኩት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አባቴ ወደ በሩ ዞሩ። ላስቆማቸው ብዬ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሳቸው ግን ልስመው የያዝኩት መሰላቸው። ግንባሬን ዳበስ አድርገው እንባዬ ጣታቸውን ሲነካው «አላህ ይባርክልሽ፣ ልጄ» ብለው ወጡ። ወዲያው ከሳሎን ቃል የሚታሰርበት ፋቲሓ ሲቀራ ተሰማኝ።

ለምን ሮጠሽ አልወጣሽም ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የአባቴን ቃል ልሰብር እግሬ እሺ አላለኝም።

አክስቴ ሀጀራ እየሳቀች ገብታ አቀፈችኝ። ራሴን ብነቀንቅባት፣ ደረቷ ላይ ተደፍቼ ብነፈርቅ፣ እሷ እቴ፣ አልገባትም። «ማልቀስማ ደንቡ ነው» አለችኝ። «እኔንም እንዲህ ነበር ያደረገኝ። አብሽሪ።» ስልኬ ላይ ጽፌ እንዳላሳያት ፊደል አትለይም። ለአባቴ ወረቀት ብሰጥ ደግሞ ለአንዱ ደረሳ ሰጥተው በሰው መሀል ያስነብቡታል። ፍራሼ ላይ ተኛሁና ወሬዋን ስሰማ አመሸሁ፣ ስለ ሰርጉ ልብስ ነበር።

በማግስቱ ከሳዲቅ መልእክት መጣ። «አቀስታ ድረስ ተሰምቷል። በዝምታዋ ፈቀደች አሉኝ። ጠልሐ መልካም ሰው ነው። ልምምዱን አታቋርጪ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ጻፍኩለት፣ አልደረሰም፤ ስልኩን ዘግቶታል። ዝምታዬ ምን እንደሆነ ከሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱ ነበር። ያዘዘኝ እሱ አይደለም? እሱም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ፈቃድ አድርጎ ቆጠረው። ተናደድኩበት። ከዚያ ደግሞ ደጃችን ላይ ቆሞ የተመለሰው አባቱ ትዝ ሲለኝ ንዴቴ ሄደ። ከደጅ መመለስ የለመደ ሰው እምቢ እስኪሉት አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይሄዳል። አላዘንኩበትም ማለት ግን አይደለም።

ጽሕፈት ቤት ስገባ የኔአለም ፊቴን አይታ በሩን ዘጋች። ሁሉንም በኮምፒውተሩ ጻፍኩላት።

«እኔ ልንገራቸዋ» አለች። «አሁኑኑ ሄጄ ለአባትሽ ልንገራቸው።»

«ከእኔ አፍ ካልወጣ አይቆጠርም» ብዬ ጻፍኩ።

«ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው? ሳምንቱ አላለቀም እኮ። ድምፅሽስ?»

 ድምፄን የማስቀምጠው ለማን ነው? መልሱን የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ዘግቷል። ወደ ቤት ስሄድ ገበያው ተበትኖ ነበር፣ የደጋው ብርድ ልብሴን ያርገበግበዋል። የማውቃቸው ሰዎች ሲያልፉ «ሙባረክ፣ ሰብሪያ» ይሉኛል። አንዱም መልስ አልጠበቀም። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ሁሉም ስለ እኔ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን እዚያ የለሁበትም።

ስደርስ ደረሶቹ ሄደዋል። አባቴ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ድቤው ከጎናቸው ነው። ለሰርጉ ብለው ፀሐይ ላይ አውጥተውት ቆዳው እስኪወጠር በጣታቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። መቀነቴን ፈትቼ ከጎድኔ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፣ መቀነቱ እስኪወጥረኝ ሳብኩና ለመናገር ሞከርኩ። የወጣው ነፋስ ነው።

«ማነው?» አሉ አባቴ።

እንደገና ሳብኩ። እንዳልገፋው ተጠንቅቄ፣ እንደ ክር አቅጥኜ፣ «አባባ» አልኩ።

«ማነሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

የሩቅ መንደር ሰው ከነአባቱ የሚለዩት አባቴ አላወቁኝም።  ቢሆንም የጀመርኩት ክር እንዳይበጠስብኝ ፈራሁና ቀጠልኩ።

«ሰብሪያ ነኝ፣ አባባ። አልፈቀድኩም።»

ያ ያቃተኝ ልምምድ ነበር። ቃሉ ቀጥኖ ተነሳ፣ መሀል ላይ ወፈረ፣ ሳይሰበር መልሶ ቀጠነ። ያማረ ድምፅ አልነበረም፣ ሻካራ ነው። ግን እስከ መጨረሻው ደረሰ።

«ድምፅሽን ምን ነካው?»

ነገርኳቸው። ሐኪሙን፣ ዝምታውን፣ ጓዳ ውስጥ ራሴን ስነቀንቅ እንደነበር። ከቃል ቃል ድምፄ እያለቀ መሆኑ ይታወቀኛል።

«ዝም ካልሽ ሳምንት ሊሞላሽ ነው?»

«አዎ።»

«እዚህ ቤት ውስጥ?»

«እዚሁ።»

 አባቴ ጆሯቸውን ከድቤው አነሱ። «እኔ ሰውን በድምፁ አውቃለሁ እያልኩ አወራለሁ» አሉ። «የልጄ ድምፅ ከቤቴ ጠፍቶ ይህን ያህል ሲሰነብት አልጎደለኝም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ራሴን ያዙት።

«ይህን አተነፋፈስ ከየት አገኘሽው? የቁርአኑ አያ ሲረዝም ደረሶቹን እንዲህ ሳቡ፣ እንዲህ ልቀቁ ብላቸው የሚሆንልኝ የለም።»

መዋሸት እችል ነበር። ደክሞኝ ነበርና አልዋሸሁም። «ዘፈን እየተማርኩ ነው። ያስተማረኝ ሳዲቅ የሚባል ነው። ይህን ድቤ የወጠረው ሰውዬ ልጅ።»

የአባቴ ጣት ድቤው ላይ ቀጥ አለ። አላነሱትም።

«የሚፈልግሽም እሱ ነው?»

«የምፈልገው እኔ ነኝ፣ አባባ።»

በረንዳው ጸጥ አለ። ሀጀራ እንኳ ጓዳ ውስጥ አልተሰማችም፣ ጆሮዋን ጥላ መሆን አለበት። 

«አባባ፣ ዝም አሉ።»

«እኔ ልጃገረድ አይደለሁም» አሉኝ። «የኔ ዝምታ ፈቃድ አይደለም።»

ከዚያ ጣታቸው ቀስ ብሎ ቆዳውን መዳበስ ጀመረ። «ለማሻ ሰዎች እኔው እነግራቸዋለሁ። ያሳፍረኛል። ግን ያልፈቀደች ልጅ አልድርም፤ እንዲህ ነው የማስተምረው። ስለዋሸሽኝ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ልጁ ከፈለገ ሰው ይላክ፤ ጠያቂ አልመልስም። መልሴን ግን ገና አላውቀውም። ያ ሰውዬ ይህን ሲያመጣ ግባ አላልኩትም።» ቀና አሉ። «አሁን ዝም በይ። ሀጀራ፣ ልጄን የሚያናግራት ሰው አይኑር።»

«ኧረ እኔ ምን አልኳት?» አለች አክስቴ ከበሩ ጀርባ።

ከመግሪብ በኋላ በአክስቴ ስልክ ለሳዲቅ ደወልኩ። አሁንም ዝግ ነው ብዬ ስጠብቅ ጠራ።

«አቤት?» አለ። ድምፁን ስሰማ ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ጨርሼው ነበር። ከሳምንቱ በኋላ ይመለስ አይመለስ አላውቅም፤ ሐኪሙም ቢሆን እርግጠኛ የሚሆን አይመስለኝም።

«ማን ልበል?»

መቀነቴን በእጄ ደግፌ ሳብኩና «ስስስ» እያልኩ ቀስ ብዬ ለቀቅኩት።  ሁለተኛውን ስጀምር ከወዲያ ጫፍ ሌላ ትንፋሽ አብሮኝ ሲሳብ ሰማሁ። እኩል ጨረስን።

«ትንፋሽሽ ሻክሯል» አለኝ። «ተናግረሻል። ምነው ሰብሪያ፣ ምን አናገረሽ?»  ሲገባው ድምፁ ወረደ። «እምቢ ለማለት ነው የተናገርሽው። አልፈቀድሽም ነበር። ዝም በይ ያልኩሽ እኔ፣ እኔው ራሴ...» አልጨረሰውም። ሲያለቅስ ሰማሁት፣ ወንድ ልጅ በስልክ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።

«ሽማግሌ ብልክ» አለ እንደምንም ብሎ፣ «ከደጅ ይመለሱ ይሆናል። አላውቅም። ልላክ? አንቺስ ትፈቅጃለሽ?»

ራሴን ላይ ታች ነቀነቅኩ። ስልክ እንደማያይ ትዝ ሲለኝ ጨለማው ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ። በአፌ ይዤ የከረምኩት ቃል ለእሱ አልደረሰም፣ ሌላ ቦታ አለቀ።

ዝም አልኩ። እሱም መልሴን ቆሞ ሰማ፣ እስከ መጨረሻው።

«እሺ» አለኝ።